የምድጃው ወራሽ

ይህን ብዕር የያዘው የደብራችን ደወል ደዋይና የልጆች መምህር የዴዚሬ እጅ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ የአባትህ የሉፒሲን ነው። ላሳምርልህ ቢለኝ፣ እንደ ወጣ ጻፈው ብዬዋለሁ።

ልጄ አናቶዋል፣ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ሐር ስትሸምን ጎብጦ የሚውለው ጀርባህ እንዴት ነው? ሚስትህ ብኗት ደኅና ናት? ትንሿ ክሎዲንስ ጥርስ አወጣች? እኔ እግዜር ይመስገን አለሁ። አለሁ ማለቴ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ላሚቱንም አልባለሁ። ሳሉ ግን ከገና ወዲህ ደረቴን ይዞኛል፤ አልዋሽህም።

ባለፈው ማክሰኞ የገዳሙ መጋቢ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ "አያ ሉፒሲን፣ ሳልዎ እንዴት ሆነ?" አለኝ። ዓይኑ ግን ጣሪያዬንና የበረቴን ግድግዳ ይለካል። "አንተ ከምትመኘው ይሻላል" አልኩት። ፈገግ ብሎ "ልጅዎ ወደ ሊዮን ከተማ ከወረደ ስንት ዓመቱ ነው?" አለ። ዓመቱን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ሲሄድልኝ በሩን ቀረቀርኩት።

ሕጋቸውን አንተም ታውቃለህ። እኛ የገዳሙ ጭሰኞች፣ ልጃችን በአንድ ጣሪያ ሥር ከአንድ ድስት አብሮን እየበላ ካልኖረ፣ ስንሞት ቤቱም መሬቱም ላሚቱም የገዳሙ ነው። ጎረቤታችን ኦያን በጥር አረፈ። ልጁ የሚስቱና የእናቱ ጭቅጭቅ ቢሰለቸው፣ አባቱ ሊሞት ሳምንት ሲቀረው ምድጃውን ለይቶ ለብቻው ማብሰል ጀምሮ ነበር። ሩቅ እንዳይመስልህ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው! ሬሳው ሳይወጣ መጋቢው በሩን በሰም አተመው።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ሳስጀምር "ቶሎ ና" ልልህ ነበር። ዴዚሬም ጽፎት ነበር፤ አሰረዝኩት። ለምን እንደሆነ ስማኝ።

ንጉሡ ብሶታችሁን ጽፋችሁ ላኩ ስላለ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ቀረን። ከከተማ የመጣው ውል ጸሐፊ አዘጋጅቶ ያመጣውን አነበበልን። "ነፃነትን ይሰጡን ዘንድ ከእግርዎ ወድቀን እንለምናለን" ይላል። ብድግ አልኩ። "እኔ አልለምንም። ንጉሥ የሰጠውን የንጉሥ ልጅ ይቀማዋል። ነፃነቴን ከእናቴ ማሕፀን ይዤው ነው የወጣሁ" አልኩ። በርሜል ሠሪው ፌሬኦል ከኋላ ሆኖ "አያ ሉፒሲን፣ ያን አፍንጫም ይዘው ሲወጡ እናትዎ እንዴት ተረፉ?" ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀብኝ። ጸሐፊው ግን አልሳቀም። ነፃ ከተወለዱ ታዲያ ዛሬ ለምን ነፃ አይደሉም አለኝ። "ሌባ በሬዬን ቢነዳው በሬው የሌባው ሆነ? በሬው የእኔ ነው፤ ያለው ሌባ ቤት ነው" አልኩት። ሰነድ አለዎት ወይ ሲለኝ፣ "አስቀድመህ እኔን ያሰረውን ሰነድ አምጣ። መጋቢው ከማርጀቱ የተነሣ በስብሷል ይላል። እኔ ስወለድ እጄ ላይ ገመድ አልነበረም። አዋላጇን ጠይቅ፣ ብትሞትም!" አልኩት።

ይሄኔ ባሏ የሞተባት ፔርኔት፣ ምላሷን ታውቀው የለ፣ "እንግዲያው ያ ጫካ ያለው ከሰል አክሳይም ነፃ ሆኖ ተወልዷላ?" አለችኝ። ያንን ሰው እንደምጠላው አገር ያውቃል። ከድንበር ማዶ ከሳቮይ የመጣ ነው፤ የማን ልጅ እንደሆነ አይታወቅም፤ አጥሬን ነቅሎ አንድዶብኛል።  በልቤ አሰላሁት። እሱስ አይደለም ብል የእኔም ነገር አብሮ ይፈርሳል። ነፃነት የእሱ ሳይሆን የእኔ ብቻ የሆነው በመንደሬ ወይም በአባቴ ስም ከሆነ፣ ያን ደግሞ መጋቢው ሊነጥቀኝ ይችላል። ሰው በመሆን ብቻ ከሆነ ግን ማንም አይነካው። "እሱም ጭምር! አጥሬን ግን መልሶ ይሥራ" አልኩና ተቀመጥኩ። ፔርኔት ሳትስቅ አየችኝ።

በመጨረሻ ጸሐፊው ሁለቱንም ጻፈ። ልመናውም ነፃ መወለዱም አንድ ገጽ ላይ ተጋፍተው ተቀመጡ። እኔም የመስቀል ምልክቴን አኖርኩ። ወረቀቱ ወደ ከተማ ወርዷል። ማን ያንብበው፣ ማን ይጣለው አላውቅም። ፈርቻለሁ ልጄ። ይህን ለሌላ ሰው አልናገርም።

እንግዲህ አስበው። ብትመጣ ቤቱ ይድናል። ነገር ግን ብኗትና ክሎዲን በዚህ መሬት ላይ ዓመት ከአንድ ቀን ከኖሩ፣ ነፃ የነበሩት እንደኛው የገዳሙ ይሆናሉ። ለከሰል አክሳዩ የመሰከርኩትን ለልጅ ልጄ ልካደው? ስለዚህ አትምጣ። መታመሜን ቢነግሩህም፣ ብሞትም አትምጣ። ግድግዳውን አያትህ በጀርባው ድንጋይ ተሸክሞ እንደሠራው፣ እናትህም እዚህ እንዳረፈች አልረሳሁም። አትምጣ። ደግ መልስ ከወረደ ያን ጊዜ ክሎዲንን ትከሻህ ላይ አድርገህ ብቅ በል።

ብኗትን ሰላም በልልኝ፤ ምራቴ ኩሩ ናት ይሉኛል፣ ደስ ይለኛል። ለአማትህ አክብሮቴን ንገርልኝ። አይቻት የማላውቃትን ክሎዲንን ግንባሯን ሳምልኝ። ፔርኔትም ሰላም ብላሃለች፤ ሾርባ እያመጣች ትሰድበኛለች። ፌሬኦልም እንደዚሁ።

ሞንፔሬ መንደር፣ ዡራ ተራራ፣ መጋቢት 17 ቀን 1789።

ዴዚሬ፣ በል መልሰህ አንብብልኝ። አትምጣ ያልኩት ሦስት ጊዜ መሆኑን ቁጠርልኝ። ካነሰ ይመጣል፤ ልጄን አውቀዋለሁ።