መርፌውን የከለከልሁት እኔ ነኝ

ኅዳር 18፣ ወረታ

ባለቤቴ ጥሩወርቅ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ጊዜ፣ ሐኪሙ በመርፌ ናሙና ይወሰድ ብሎ ነበር። «መርፌ ከነካው ይቆጣል፣ ይሰራጫል» ብዬ የከለከልኋት እኔ ነኝ። ካረፈች ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ «ክረምት ነበር፣ ሜዳው ውኃ ሞልቶት መንገድ አጣን» እያልሁ ኖርሁ። ውኃውስ እውነት ነው። ነገር ግን ከጎደለም በኋላ አልወሰድኋትም። ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርሁም።

ዛሬ ጠዋት የጡት ካንሰር ሕሙማን ለምን ዘግይተው እንደሚመጡ የምታጠና ነርስ ቤቴ መጣች። ልጄ እናና አጠገቤ ነበረች። እሷም ሰሞኑን ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ፣ ሩዙ ታጭዶ ይግባ እያለች ቀኑን ትገፋለች።

«አባቴ፣ ባለቤትዎ ለምን ዘገዩ?» አለችኝ ነርሷ።

እናና ቀደመችኝ። «ውኃው ነዋ። ደግሞ መርፌ ያባብሰዋል፣ አባየ ያውቃል።»

የገዛ ቃሌን ከልጄ አፍ ሰማሁት።

«ውኃው አይደለም» አልሁ። «መርፌውን ፈርቼ ያስቀረኋት እኔ ነኝ።»

ነርሷ ቀስ ብላ «መርፌው አያሰራጨውም፤ ምን እንደሆነ ያሳውቀናል እንጂ» አለች።

እናና ወደ እኔ ዞረች። «ለእኔ እንኳ ሳትነግረኝ?» አለች። ተነሥቼ ጋቢዬን ለበስሁ፤ «እንሂድ» አልኋት።

«ሩዙስ?»

«ይርገፍ።»

ነርሷ ደውላ ተራ ያዘችልን። ከሰዓት ሆስፒታል ደረስን። እናና ገባች፤ ናሙናው እስኪወሰድ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት።