እንግሊዙ ሆይ፣ ለሐውልትህ የትኛውን ፊት ልስጥ?

ታዴዬ፣

ለሌላ ሰው ቢሆን «እንደምን ሰነበትክ፣ እኛ ደህና ነን» ብዬ ነበር የምጀምረው። አንተን ግን ጤናህን አልጠይቅህም፤ ካሁን ወዲያ የሚያምህ ነገር የለም። እኛም ደህና ነን ብዬ አልዋሽህም። ከተለየኸን ዓመት ሞላ። ያኔ ስትሄድ ዝናቡ ገና መጀመሩ ነበር፤ ይኸው ዞሮ መጥቶ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። የጓሮው አቮካዶ በንፋስ ተገንድሶ የእማማ አስካለን አጥር ይዞ ወደቀ። ይቆረጥ ስትል እምቢ ያልኩህ እኔ ነኝና ባለህበት ደስ ይበልህ። ቡናችን ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ ለቃሚ ግን እንደ ድሮው አይገኝም። ልጃችን ማርታ እዚያው ቴፒ ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ ሲያዛጋ ቁርጥ አንተን ነው ይላሉ። እኔ እንጃ። አንተ ታዛጋው የነበረው የማንን ማዛጋት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ነገሩ ይኸው ነው። ቤቱን ሰው ሞልቶታል፤ የሌለኸው አንተ ብቻ ነህ። ከሰዓት በኋላ በር ላይ ዘበኛው ይስላል። ሳሉን አውቀዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ አጠር አጠር አድርጎ፣ ከዚያ ጉሮሮ መጥረግ። ዘበኛ ለሆንክበት ፊልም ብለህ አንድ ክረምት ሙሉ ስትስለው የከረምከው ነው። ወጥቼ ሳይ ማንም የለም። የሳሎኑን መብራት አብርቼ ጓዳ ገብቼ ስመለስ ጠፍቶ ይጠብቀኛል፤ ይሄ ደግሞ ያ በሌላ ፊልም የሆንከው ቆጥቋጣ ሽማግሌ ነው። ማርታ መብራቱ ስለሚቆራረጥ ነው ትለኛለች። ወንበርህ ማንም ሳይቀመጥበት ሲንቋቋስ? እሱ ዳኛው ነው፤ ፍርድ ሊሰጥ ሲል ነበር እንደዚያ የሚመቻቸው። በሕልሜም የሚመጡት እነሱ ናቸው። አንተ ራስህ አንድ ቀን እንኳ አልመጣህም።

ሁሉንም አንድ በአንድ እቤቴ ያስገባሃቸው አንተ ነህ። የመጀመሪያው እንግሊዙ ነበር። ከገጠር፣ ከሸዋ ቤንች፣ እዚህ ሚዛን ከተማ ለትምህርት መጥተህ የኪነት ቡድን በገባህበት ዘመን፣ ድሮ ማጂ ይኖር ነበር ስለሚባል አንድ እንግሊዛዊ ቆንስል ድራማ ሠራችሁ። እንግሊዝ የሚመስል ሰው ከየት ይምጣ? ፊትህን ዱቄት ቀብተው፣ ግማሽ ቅል እንደ ባርኔጣ ደፉብህ። እኔ የአስተማሪው ልጅ ስለሆንኩ ፊት ወንበር ላይ ከአባቴ ጎን ተቀምጫለሁ። የአዳራሹ ጣራ ያፈስ ነበርና ዝናቡ ሲመጣ ዱቄቱ ሊጥ ሆኖ ወደ አንገትህ ይወርድ ጀመር። ሰው በሳቅ ሞተ። አንተ ግን ፍንክች አላልክም፤ መሐረብ አውጥተህ፣ የአገራችን ሙቀት ያስመረረው ፈረንጅ መስለህ፣ ፊትህን ቀስ ብለህ ጠረግክና ቀጠልክ። እኔ ያን ቀን ነው የወደድኩህ። አባቴ ለሽማግሌዎቹ «ለሊጥ ፊት ልጄን አልድርም» እንዳለ ታውቃለህ፤ በኋላ ግን ካንተ ይልቅ ማንንም አይወድም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሚዛን ላይ ስምህ እንግሊዙ ሆኖ ቀረ፤ እኔም የእንግሊዙ ሚስት ተባልኩ።

አዲስ አበባ እየተመላለስክ ፊልም መሥራት ስትጀምር መጀመሪያ የሰጡህ ዘበኛና ሎሌ ብቻ ነበር፤ አማርኛህ የአገርህ ቃና አለው ብለው። እልህ ያዘህና የጎጃሙንም የሐረሩንም አነጋገር እዚሁ መናኸሪያ እየዋልክ ከተሳፋሪ ለቀምክ። ከዚያማ ዳኛ አደረጉህ፣ አራጣ አበዳሪ፣ የሙሽራዋ አባት፣ ቄስ። ቄሱን የሠራህ ጊዜ እማማ አስካለ ረስተው መስቀል ሊሳለሙ እጅህን ሲፈልጉ አልረሳውም። ዋናው ሰው ግን ሆነህ አታውቅም። ፖስተሩ ላይ ሁልጊዜ ወጣቶቹ ናቸው፤ አንተ ከኋላ ጨለማው ውስጥ እንኳ የለህም። መንገድ ላይ ሲያዩህ ስምህን የሚጠራ የለም፣ «ያ ቆጥቋጣው!» ብለው ይጠቁሙሃል። አንተ ደስ ይልህ ነበር፤ ሰው የተዋናዩን ስም ከያዘ ሥራው ተበላሽቷል ትላለህ። እኔን ግን ይከፋኝ ነበር። አሁን ሳስበው የከፋኝ በከንቱ አልነበረም።

አሠራርህ ደግሞ የጤና አልነበረም። አዲስ ሰው ሲሰጡህ ገበያ ወርደህ የሚመስለውን ታስሳለህ፤ ስታገኘው ከኋላ ከኋላው ትከተለዋለህ። አንድ የማር ነጋዴ ሌባ መስለኸው ኡኡ ብሎ ሕዝብ ሊያስነሳብህ አልነበር? የሰውየውን አካሄድ ይዘህ ቤት ትገባና፣ ፊልሙ እስኪያልቅ የምበላውም የምተኛውም ከሱ ጋር ነው። ቆጥቋጣው በገባ ጊዜ ሽንኩርት አበዛሽ እያለ ሲጨቀጭቀኝ ከረመ። ዳኛው በገባ ጊዜ ደግሞ አመሸህ ብዬ ስቆጣ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «ማስረጃ አለሽ?» ይለኛል። ጎረቤት አንድ ነገር ነክቶታል ይል ነበር። እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ አንድ ባል አግብቼ ስንቱን አየሁ። እንግዶቹ ሁሉ ሲሄዱ የሚቀረው ሰው የቱ ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

ያረፍክ ዕለት የእድራችን ጥሩምባ ነፊ «አቶ ታደለ አርፈዋል» እያለ ሰፈሩን ቢዞር ሰው ዝም አለው። አቶ ታደለን ማን ያውቃቸዋል? ተመልሶ «እንግሊዙ ሞተ» ብሎ ሲለፍፍ ነው አገር ነቅሎ የወጣው። የወጣውም ቢሆን አላመነም። ስንቴ ሞተህ አይተውሃል! አንዷ ሴትዮ አስከሬኑ ሲወጣ ከጎኗ ላለችው «ቆይ፣ ይነሳል» ስትል በጆሮዬ ሰማኋት። አልተቀየምኳትም። እኔም አፈሩ እስኪመለስ ድረስ እየጠበቅኩ ነበር።

ለድንኳኑ ፎቶ ያስፈልጋል ተባለና የእህትህ ልጅ መስፍን ከስልክህ አንዱን መርጦ፣ አማን ከተማ ሄዶ በትልቁ አሳጥቦ በፍሬም አመጣው። ሰው ሁሉ እሱን እያየ አለቀሰ፤ እኔም ደረቴን እየመታሁ አለቀስኩ። በሠልስቱ ድንኳኑ ሲፈርስ ነው ቀና ብዬ ያየሁት። አንተ አይደለህም! በመጨረሻው ፊልምህ ላይ የሠራኸው፣ ገበሬውን እያታለለ ቡናውን የሚነጥቀው ነጋዴ ነው። ያ ቀጭን ጺሙ፣ ያ የወርቅ ጥርሱ፣ ያ ሰው የሚንቅ ፈገግታው። ሦስት ቀን ሙሉ የተለቀሰው ለሱ ነው። ከለቀስተኛው ብዙው ያወቀ ይመስለኛል፤ ግን ሀዘን ቤት ተቀምጦ ማን እንዲህ ያለ ነገር ያነሳል?

መስፍንን አልወቀስኩትም። ሌላ ምን ይምረጥ? አንተን ሆነህ ፎቶ ተነስተህ አታውቅማ። ካሜራ ሲያይህ ፊትህ ይሸሻል። የሰርጋችን ፎቶ ላይ አጠገቤ የቆመው ኮሎኔል ነው። መታወቂያህ ላይ ያለው ደግሞ ዕድሜ ልኩን አለቃ ሲቆጣው የኖረ ጸሐፊ ነው።

ሙት ዓመትህ ሲቃረብ ሐውልት ሠሪው ፎቶ አምጪ አለኝ። ራስጌው ላይ፣ መስታወት የሚገባበት፣ እንቁላል ቅርጽ ያለው ቦታ ትቶልሃል። «እትዬ ብርቄ፣ ፊት የሌለው ሐውልት ሠርቼ አላውቅም፤ ሰው ምን ይለኛል?» እያለ በተመላለሰ ቁጥር ነገ እያልኩ እመልሰዋለሁ። በመጨረሻ ያሉትን ፎቶዎች አውጥቼ አልጋ ላይ ደረደርኳቸው። ሁሉም አዩኝ። ከነሱ አንዱን ለዘላለም ራስጌህ ላላቆም ወሰንኩና፣ እስቲ በልቤ ያለውን ፊትህን ልየው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አጣሁት። ኮሎኔሉ መጣ፣ ዳኛው መጣ፣ ሊጥ የወረደበት እንግሊዝ መጣ። ያን ሁሉ ዘመን አብሬህ ኖሬ! ምናልባት ታደለ የሚባል ሰው እዚህ ቤት ገብቶም አያውቅ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ታዴ፣ ከሞትህ ይልቅ ይሄ ሐሳብ ነው የጎዳኝ።

በዚህ መሀል ማርታን ላርስ ቴፒ ሄጄ ከረምኩ። ስመለስ የተሳፈርኩበት አውቶብስ ፊልም ከፈተ። ሾፌሩ አያውቀኝም፤ በምን ይወቀኝ። ፊልሙ ያንተ ነው፣ ሚስቱ የምትሞትበት ሽማግሌ የሆንክበት። ልውረድ ብል በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ጫካ መሀል የት እወርዳለሁ? መቀነቴን አጥብቄ ተቀመጥኩ።

ያን ፊልም ስታጠና የሆነውን አልረሳኸውም መቼም። የሚለቀስባት ሰው ጠፋ ብለህ እኔን አልጋው ላይ አጋደምከኝና አለቀስክብኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ሬሳ አይስቅም ብለህ ተቆጣህና ከመጀመሪያው ጀመርክ። ልቅሶው የታችኛው ሰፈር ሽማግሌ ነበር፤ ሚስታቸውን ሲቀብሩ አይተህ የያዝከው። ስለዚህ አውቶብሱ ውስጥ ስታለቅስ ምንም አልተሰማኝም፤ የሰው ልቅሶ ነው። ተሳፋሪው ግን አፍንጫውን ይስባል። ከጎኔ ያለችው ልጅ ሶፍት አውጥታ ግማሹን ዘረጋችልኝ፤ አያስፈልገኝም አልኳት።

ልቅሶው አልቆ ልትነሳ ስትል ነው። ካሜራው ከኋላህ ነው፤ የሚታየው ጀርባህና ሽበትህ ነው። አንዱ እጅህ ወደ ጎን ሄደና፣ አንተ ወደዚያ ሳታይ፣ የጋቢውን ጫፍ ስቦ የሴትዮዋን እግር ሸፈነ። ከዚያ ከተረከዟ ሥር ወተፍ አደረገው። በቃ፣ ተነስተህ ሄድክ።

ታዴዬ፣ ይሄ ከገበያ ያመጣኸው አይደለም። ያ ወባ ከጣለኝ ወዲህ እግሬ እንደማይሞቅ አንተ ታውቃለህ። አመሻሽ ላይ ራዲዮ ስንሰማ፣ ወሬህን ሳታቋርጥ፣ እኔን ሳታየኝ፣ የጋቢህን ጫፍ እግሬ ላይ ጣል ታደርግና ከተረከዜ ሥር ትወትፈው ነበር። ዘበኛውን በሆንክበትም ክረምት፣ ዳኛውን በሆንክበትም። ቆጥቋጣው እንኳ በሽንኩርት ሲጨቀጭቀኝ ውሎ ማታ እግሬን አይረሳም። በሁሉም ውስጥ አንድ ሰው ነበር ለካ። እኔ ፊት ስፈልግ እጁን ሳላየው ኖርኩ። አውቶብሱ ውስጥ ጮኼ አለቀስኩ፤ ልጅቷም ደንግጣ የቀረውን ሶፍት በሙሉ ሰጠችኝ።

ሐውልት ሠሪውን ያን ቦታ በሲሚንቶ ድፈነው አልኩት። ተከራከረኝ፣ ደፈነው። ስምህን አጻፍኩ፤ ከሥሩ እንግሊዙ የሚለውንም አስጨመርኩ። የደብራችን ቄስ ቅር ብሏቸዋል፤ ግን ያ ካልተጻፈ ማን መጥቶ ይስምሃል? በሙት ዓመትህ ሰው ፊትህን አጥቶ ሲንሾካሾክ ነበር። ፎቶ የሚሆን ብር አጥሯት ነው ያለም አለ። ይበል። ነጋዴውንም ከግድግዳው አወረድኩት። ልጥለው ግን አልጨከንኩም፤ ምንም ቢሆን ሦስት ቀን ባንተ ፈንታ ቆሞ ለቀስተኛ የተቀበለ እሱ ነው። ጓዳ ከቡናው ጆንያ ጋር አቆምኩት፤ ሥራው ስለሆነ ይጠብቀው።

እንግዶችህ አሁንም አልሄዱም። ይህን ስጽፍ እንኳ ዘበኛው በር ላይ ሲስል ሰማሁት። ድሮ እየወጣሁ አይ ነበር፤ አሁን ካለሁበት ሆኜ ይማርህ እለዋለሁ። እነሱን አገር ያስታውሳቸዋል፤ አውቶብስ በሄደበት ይሄዳሉ። ያን እጅ ግን ከኔ በቀር የሚያውቀው የለም፤ ስለዚህ እስካለሁ ድረስ አልረሳውም፣ ለልጅ ልጅህም እነግረዋለሁ። አያትህ ምን ይመስል ነበር ሲለኝ ፎቶ አላሳየውም፤ እግሩን እሸፍንለታለሁ።

ማርታ እግርሽን እንዳይበርድሽ ብላ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ልካልኛለች። መርቄያት ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ጋቢህን አጥቤ ወንበርህ ላይ አድርጌዋለሁ። አሁን ይመሻል፤ ራዲዮውን እከፍትና ከወንበርህ አጠገብ እቀመጣለሁ። ብርድ ነው። እግሬን ግን አልሸፍንም።

የታደለ ሚስት፣
ብርቄ