ለደሴ የጻፍሁት የወፍጮ ወረቀት

ጥቅ. 16 ቀን 74፣ ጠዋት
ተራ የያዘ ማሽላ 17 ጆንያ። ናፍጣ አንድ በርሜል ተኩል። አጫጆች ከደጋ መውረድ ጀምረዋል፤ ዱቄት ይፈለጋል። ወፍጮዬን የሚያንቀሳቅሱት ጋሼ ዑስማን ግን ቅዳሜ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሊሄዱ ነው፤ ለዓይናቸው ሕክምና። መመለሻቸው አይታወቅም። ሞተሩን ከእሳቸው ሌላ የነካው የለም። የሚተካቸው ደሴ የሚባል ልጅ ነው። ጎጃሜ፣ ለአጨዳ መጥቶ እዚሁ መተማ የቀረ። በመሠረተ ትምህርት ማንበብ ለምዷል። ስለዚህ አሠራሩን በወረቀት ላስፍርለት። እሳቸው ሲናገሩ ጻፍሁ። ማኑቬላውን፣ የሞተሩን ማስነሻ ብረት፣ በቃ እስኪልህ አዙር አሉኝ። ማነው በቃ የሚለው? እጅህ፣ አሉ። እጅ እንዴት ይጻፋል?

ጥቅ. 17፣ ማታ
ሙከራ። ዑስማንን አፋቸውን እንዳያስገቡ ሻይ ቤት ላክኋቸው። ደሴ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ በጣቱ እየተከተለ አስነሣው። ደስ አለኝ። የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ሰግጄ ሱቄ ገባሁ። ወደ አስር ሰዓት ገደማ ጸጥ አለ። ሮጥሁ። ሞተሩ ግሎ ቆሟል፤ ሴቶቹ እህላቸው ላይ ተቀምጠው ይሳደባሉ። ደሴ አኮረፈ፦ "ወረቀቱ ያለውን ነው ያደረግሁ። የሚመታ ካለ ወረቀቱ ይመታ!" ዑስማን መጥተው፣ ልጁ እጁ ከባድ ነው አሉ። ውኃው አልጎደለም። ዘይቱ ልክ ነው። ታዲያ ምኑ ነው?

ጥቅ. 18
እንደገና ጻፍሁ፤ ከቀድሞው ረዘመ። እንደገና ጋለ። በዑስማን እጅ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ፤ በአጨዳ ወቅት ወፍጮ የሚያቆም ሰው ለማኅበሩ ያስረክባል አለ። እየሳቀ ነው ያለው፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ደብተሬ፣ ለአንተ ሁሉን በደንብ እነግርሃለሁ። ለደሴ ለምን አቃተኝ?

ጥቅ. 19፣ ሐሙስ
ዛሬ መስጊድ አልሄድሁም። ዑስማንን ራሳቸው ይንዱት ብዬ ጥግ ተቀመጥሁ። የሚናገሩትን ትቼ እጃቸው የሚሠራውን ጻፍሁ። ቀትር ላይ ድንገት ጸጥ። ተበላሸ ብዬ ዘለልሁ። ለካ ራሳቸው ናፍጣውን ዘግተውት ነው። ታጠቡ፣ ሰገዱ፣ አረፍ አሉ፣ አስነሡ። በአስር ሶላትም እንዲሁ። እኔ ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት መስጊድ ነኝ፤ አይቼ አላውቅም። ለምን አልነገሩኝም ብላቸው ተቆጡ፦ "ኢድሪስ፣ በጩኸት መሐል ይሰገዳል እንዴ? ይህ የኔ ነው፤ የሞተሩ አይደለም።"
የሞተሩም ነው። አርፎ የሚቀዘቅዘው ያኔ ነው።
ጻፍሁ፦ የመስጊዱን አዛን ስትሰማ አቁም። ደሴ አነበበና ሳቀ፦ "ሞተሩን ሊያሰልሙት ነው?" ደግሞስ በዚህ ጩኸት አዛን ይሰማል? አለኝ። እውነቱን ነው። ዑስማንን ጠየቅሁ፦ በር ላይ ያለው የኒም ዛፍ ጥላ የወፍጮ ቤቱ ደፍ ላይ ሲደርስ ሰዓቱን አውቀዋለሁ አሉ። ይህንንም አልነገሩኝም ነበር። ሌላስ ያልነገሩኝ ስንት ይሆን? ጥላውስ በጥር የት ይደርሳል? አልጠየቅሁም።

ነገ፦ ነጭ ቀለምና ብሩሽ መግዛት። ዑስማን ጥላው የሚደርስበትን ቦታ ያሳያሉ። መስመሩን ደሴ ያሰምረው።