ያልተለጠፈችው የስም ወረቀት

ኦሃዮ፣ ኤፕሪል 29 ቀን 1988

ለልጄ እናት፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? አዲሱ ባልሽ፣ የጥርስ ሐኪሙስ ደህና ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ሃያ ስድስት ዓመት ጣሪያ ላይ ተንበርክኮ የኖረ ነውና ብዙ አልጠብቅበትም። ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ ስለማይጀመር ነው እንጂ ናፍቀሽኝ አይደለም። ከሄድሽ ስድስት ዓመትሽ፤ እስከ ዛሬ አንድ መስመር ጽፌልሽ አላውቅም፣ ለወደፊቱም ሐሳብ አልነበረኝም። ዛሬ ብዕር ያስያዘኝ የዴሊያ ጉዳይ ነው።

ልጅሽን ሁለት ኮሌጆች ተቀብለዋታል። አንደኛው ከቤታችን አርባ ደቂቃ የሚያስነዳው የመንግሥት ኮሌጅ ነው። ሁለተኛው እዚያ ቬርሞንት፣ አንቺ ሰፈር ያለው ነው፤ ለልደቷ በላክሽላት ካርድ ላይ ደወሉ እስከ ወጥ ቤቴ ይሰማኛል ያልሽው እሱ። ያመለከተችው ለእኔም ሳትነግረኝ ነው። አንዱን መርጣ እስከ ሜይ አንድ መልሷን መላክ ነበረባት። መጀመሪያ ግን መጥታችሁ እዩን ብለው ስለጠሩን፣ ሁለት ቅዳሜ ሥራዬን ዘግቼ ይዣት ዞርኩ።

እንዲህ ያለ ጉድ በሕይወቴ አላየሁም። ልጆቹ ሲያመለክቱ ውድቀትሽን ንገሪን፣ ድርሰት ጻፊልን እያሉ ሲያንቀጠቅጧቸው ከርመው፣ አንዴ ከተቀበሏቸው በኋላ ደግሞ ራሳቸው ለማኝ ይሆናሉ። የጨርቅ ቦርሳ ይሰጡሻል። ብስኩት ይሰጡሻል። ፕሬዚዳንት ነኝ የሚል ሰውዬ ይነሳና እኛ እዚህ ቤተሰብ ነን ይላል። ሁለቱም ቦታ ቃል በቃል ያንኑ ነው ያሉት። ቤተሰብ ምን እንደሆነ ከእኔና ካንቺ ቢጠይቁ ኖሮ ሌላ ነገር ይፈልጉ ነበር።

የእኛኛው ኮሌጅ አስጎብኚ ብርቱካንማ ሹራብ የለበሰ ልጅ ነው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ወደ ኋላ እየተራመደ ለፈለፈብን። ቆሻሻ መጣያው ይጥለዋል ብዬ ስጠብቅ ሳይጥለው ቀረ። የጣሪያውን ነገር ባላነሳልሽ ይሻላል። ዝርግ ነው፣ ላዩ ላይ ውሃ ተኝቷል፣ ካትራሜውን የቀባው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የቀባው። ቤተ መጻሕፍቱ ኮሪደር ላይ ባልዲ ተቀምጦ አየሁና ይኼ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ቆም ብሎ አሰበና፣ እሱማ እኔ ከመጣሁም ጀምሮ እዚያው ነው ጌታዬ አለኝ። ዴሊያ እግሬን ረገጠችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደናንተ መጣን። አሥራ ሁለት ሰዓት ነድቼ። አንድ ሺህ ሰው የሚጨንቀው ነገር ሁሉ እዚያ ግቢ ውስጥ የለም። የወላጆች ሻይ ብለው ዱባ ይሁን ዱባ መሳይ በስሱ ተቆርጦ የገባበት፣ ጣት የማታክል ዳቦ አቀረቡልን። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ዓሣ ነባሪ በክር የተጠለፈበት ቀይ ሱሪ ለብሷል። ትልቅ ሰው ነው እንግዲህ፣ ሽበት ያለው፣ እናት የወለደችው። ልጁን አምስት ኮሌጆች እንደተቀበሉትና መምረጥ ልቡን እንደሰበረው ሲነግረኝ ቆየና፣ እርስዎ የት ነው የተማሩት አለኝ። ጣሪያ ላይ አልኩት። ሳቀና ጨዋታ አዋቂ ነዎት አለኝ። ቀልድ መስሎታል።

ከዚያ በፊት የሆነውን ሳልነግርሽ አለፍኩ። መግቢያው ላይ ዕንቁ ያሰረች ሴትዮ ጠረጴዛ ዘርግታ ደረት ላይ የሚለጠፍ የስም ወረቀት ታድላለች። ለልጆቹ ስማቸው ተጽፏል። ለወላጆች ግን ስም የለም፤ የእኔ «የዴሊያ አባት» ይላል። አርባ ዘጠኝ ዓመት በስሜ ኖሬ እዚያ ስደርስ ስሜ ተነጠቀ። አጠገቡ ደግሞ ሌላ ወረቀት አለ፤ «የዴሊያ እናት» የሚል። ሴትዮዋ አነሳችና፣ እናቷ መኪና እያቆሙ ነው እንዴ አለችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ዴሊያ ቀደመችኝ። ትመጣለች፣ ቅርብ ነው የምትኖረው አለቻት።

ፎርሙ ላይ የሁለታችንንም ስም አስገብታ ኖሯል። አልደወለችልሽም፤ ኩራቷ ከማን እንደወረደ እኔም አንቺም እናውቃለን። ኮሌጁ ይጥራት፣ ከፈለገች ትመጣለች ብላ ነው ያሰበችው። ያን ቀን ሙሉ በር በሩን ስታይ ዋለች። ምሳ ላይ አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ጃኬቷን አስቀምጣ ያዘችልሽ። አንድ ልጅ መጥቶ ይኼ ሰው አለው ወይ ሲላት አዎ አለችው። ሻዩ አለቀ፣ ምሳው አለቀ፣ አልመጣሽም። ጃኬቷን አነሳችና ለበሰች፤ ብርድ ግን አልነበረም።

ከምሳ በኋላ የድንጋይ ትምህርት ክፍል ብለው ወሰዱን። መምህሩ ሽማግሌ ነው፤ ኮቱ ጠመኔ በጠመኔ፣ ካልሲው አንዱ ሰማያዊ አንዱ ቡናማ። ይኼ ደግሞ ምን ሊል ነው ብዬ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። ሰውዬው በመስኮቱ በስሱ በተፈለጠ ድንጋይ ወደተከደነው የፊት ለፊት ሕንጻ ጣሪያ እያመለከተ፣ የዚያ ጣሪያ ድንጋይ ከየት የመጣ ይመስላችኋል ብሎ ጠየቀ። የባለ ዓሣ ነባሪው ልጅ ከጣሊያን አለ። አምስት ኮሌጅ የተሻማበት እሱ ነው።

ዴሊያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመረች። ሐምራዊውና አረንጓዴው ከዚሁ ነው፣ ከግዛቱ ምዕራብ፣ ከኒው ዮርክ ድንበር አካባቢ አለች። በሰሜን በኩል በኋላ የተተኩት ጥቁሮቹ ግን ከፔንሲልቬኒያ ናቸው፤ ለስላሳ ናቸው፣ ስልሳ ዓመትም አይቆዩም፣ አሁንም እየነጡ ነው፣ ሚስማሩም ያለ ቦታው ነው የገባው አለች። ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀ። ማን ነው ያስተማረሽ ሲላት በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። ሰውዬው እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ ሠላሳ ሰባት ዓመት ከሥሩ ስመላለስ እንደተተካ እንኳ አላወቅሁም ነበር፣ እርስዎ ልጅዎን በደንብ አስተምረዋል አለኝ።

ከዚያ ሁለቱ ወደ ውጭ ወጡ። ጉብኝቱ ጥሏቸው ሄደ፣ እነሱ ግን አንገታቸውን አንጋጠው አርባ ደቂቃ ያህል ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ሲከራከሩ ቆዩ። እኔ ያን የጨርቅ ቦርሳ ይዤ ግድግዳ ተደግፌ ጠበቅኋት። ልጄ እጇን እያወናጨፈች ትናገር ነበር። ከሄድሽ ወዲህ እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። ጣሪያውም ቢሆን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ጥቁሮቹን ካልቆጠርን እንከን የለውም። የሚናቅ ነገር ስፈልግለት ዋልኩ፤ አጣሁ።

ስንመለስ ኒው ዮርክ ግማሽ ድረስ ካርታውን ይዛ መንገድ ስታሳየኝ ቆየች። በኋላ፣ አባዬ፣ የቅርቡ ይሻለኛል መሰለኝ አለች። ለምን አልኳት። ቅርብ ነው፣ ያንተም ጉልበት እንደምታየው ነው አለች። ጉልበቴን ተዪልኝ፣ ለጉልበት ብሎ ኮሌጅ የሚመርጥ የለም አልኳት። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ ታዲያ እዚያ ማን አለኝ አለችኝ።

እኔም ዝም አልኩ። ያን ዝምታዬን ልብ በይልኝ፤ ከጻፍኩልሽ ሁሉ የሚከብደው እሱ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ሁለቱን የመልስ ፖስትካርዶች ሞልታ ወደ ሥራ ስትሄድ ጣልልኝ ብላ ሰጠችኝ። ፖስታ የላቸውም፣ ማንም ያነባቸዋል። የእኛኛው ላይ «እመጣለሁ»፣ ያንቺኛው ላይ «አልመጣም» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አድርጋለች። ያ የምልክቷ መስመር ቀጥ ያለ ነው። መኪናው ውስጥ ገብቼ ቴምብር ፍለጋ ከተሳፋሪው ፊት ያለውን የክሩስኮቱን መሳቢያ ከፈትኩ። እዚያ ውስጥ ምን እንዳለ አውቃለሁ። ቢሆንም ሳየው ደነገጥኩ።

የፖስታ ሣጥኑን አልፌ ነዳጅ ማደያው ሄድኩ። የኋላ መስታወቴን በኮምጣጤ አጠብኩና ከመቀበያ ደብዳቤው ጋር የመጣውን የቬርሞንቱን ስቲከር ለጠፍኩበት። የከተማውን ወግ አልረሳሽውም መቼም። ልጁ ቆርጦ ሳይመርጥ ስቲከር የሚለጥፍ የለም፤ አንዴ ከተለጠፈ በኋላ ደግሞ መሬት ላይ የወደቀውን ሁሉ የሚያነሳው ሕዝባችን አይቶት ያድራል። ባለ ማደያው ቨርን ገና ሳልጨርስ መጥቶ፣ ምነው ቬርሞንት፣ ልጅቷ ላም ልታልብ ነው እንዴ አለኝ። ላሙን ለአንተ ትተዋለች፣ እሷ ድንጋይ ልትማር ነው አልኩት። ድንጋይማ ያንተ ጭንቅላት መቼ አነሳት አለኝ። ያ ሰው በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ልክ ነገር ሲናገር ሰማሁት።

ቤት ስደርስ ዴሊያ በረንዳው ላይ ነበረች። መኪናውን አየችው። ወርዳ መጥታ መስታወቱን በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችና፣ አባዬ፣ ይኼ እኮ በምላጭ ካልሆነ አይለቅም አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ካርዱን አልጣልከውም እንዴ አለችኝ። አልጣልኩትም አልኳት። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቼ ከውስጡ ያወጣሁትን ፖስታ ሰጠኋት። ቆማ አየችው፤ ገለበጠችው፤ እንደገና አየችው። መቼም የማትጮህ ልጅ ናት። ያ ቀን ግን ብትጮህብኝ በወደድኩ ነበር።

ሁለት ቀን አላነጋገረችኝም። ራቱን እሷ ሠራች፣ ሣህኔን ከፊቴ አኖረች፣ ሄደች። ትናንት ጠዋት ወደ መኪናው ስገባ ሌላ የቬርሞንቱ ካርድ መሪው ላይ አገኘሁ። በአሮጌው ላይ ሰርዛ እንዳትጽፍ ከኮሌጁ አዲስ አስልካ ይሁን ከየት እንዳመጣችው አልጠየቅሁም። «እመጣለሁ» ይላል። ዛሬ ራሴ ፖስታ ቤት ገብቼ በመስኮቱ ሰጠሁት፤ ሣጥን አላመንኩም። ያን ብርቱካንማ ኮሌጅም እንደማትመጣ አሳወቅነው፤ ባልዲውን ሌላ ሰው ይድፋላቸው።

እንግዲህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ነገር ልኬልሻለሁ። አንደኛው በስምሽ የመጣ ፖስታ ነው፤ ኮሌጁ ለወላጆች ግብዣ የላከው። ፎርሙ ላይ ለአድራሻ ያለው መስመር አንድ ብቻ ነው፤ እነዚያ ምሁራን አባትና እናት ሁልጊዜ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ይመስላቸዋል። ስለዚህ የሁለታችንም ግብዣ እዚህ ቤት መጣ። ማኅተሙ ላይ ያለውን ቀን ተመልከቺ፤ ከጉብኝቱ አሥራ አንድ ቀን ይቀድማል። እስከ ዛሬ የት እንደነበረ ዴሊያ ታውቃለች። ከፈለግሽ ከእሷ ትሰሚዋለሽ፤ እኔ ያንን እዚህ ወረቀት ላይ ለማስፈር ልቤ አልደፈረም። ስለ ሱሪውም ስለ ሻዩም ስለ ጥርስ ሐኪሙም የናቅሁትን ሁሉ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ለራሴ የሚሆን ንቀት ማስቀረት ነበረብኝ።

በኦገስት መጨረሻ እኔው አመጣታለሁ። ቤትሽ አልገባም፣ ሐኪሙንም አላስቸግረውም፤ ዕቃዋን አውርጄ ያን ጥቁር ድንጋይ አንዴ ቀና ብዬ አይቼ እመለሳለሁ። ደወሉን ከወጥ ቤትሽ ስትሰሚ እንግዲህ እሷም እየሰማች ነው። ብርድ ስለማይሰማት ኮት አትለብስም፤ ተቆጪያት። እሷን እስከ ዛሬ የጠበቀልኝ አምላክ አንቺንም ይጠብቅሽ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ለሐኪሙም ጥርሱን ያቆይለት።

ሁለተኛው የላክሁልሽ ያቺ የስም ወረቀት ናት። ከጠረጴዛው ላይ ማንም ሳያየኝ አንስቼ ኪሴ ከትቻት ነበር። የመጣን ቀን የኮሌጁ መግቢያ ደረጃ ላይ ቀድመሽን ቁሚ፤ ደረትሽ ላይ አድርጊያት። ሙጫዋ ደርቋልና በመርፌ ቁልፍ ያዢያት።

የዴሊያ አባት