ስለ «አስጋሪው» የጻፍኩት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሐይቅ

ዛሬም በስልኬ ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ስጫወት «አስጋሪው» የሚባለው ሰው በላኝ። የምንጫወተው በነጥብ ብቻ ነው፤ ክብሬ ግን በነጥብ አይተካም። ጨዋታው በየተጫዋቹ ስም ሥር ለራስ ብቻ የሚታይ ማስታወሻ መጻፊያ አለው። እኔም በእሱ ስም ሥር «የደሴ ጎረምሳ ሳይሆን አይቀርም። ሲያስፈራሩት ይሸሻል» ብዬ ከጻፍኩ ሰንብቻለሁ። ያ ጎረምሳ ግን አንድ ቀን እንኳ አልሸሸልኝም። ዛሬ ምንም ጥሩ ካርታ ሳልይዝ፣ ፈርቶ እንዲሸሽ ብዬ፣ እንደ ልማዴ አምባሰል እያንጎራጎርኩ ያለኝን ነጥብ ሁሉ ወረወርኩበት። ዓይኑን ሳያሽ ተቀብሎ ሙልጭ አደረገኝ።

ከጓዳ የባለቤቴ የአልማዝ ሳቅ ተሰማ።

«ምን ያስቅሻል አንቺ?»

«የእህቴ ልጅ ቀልድ ልካልኝ ነው። አንተ ሰውዬ፣ ምነው ዝም አልክ? ዘፈኑ አለቀ እንዴ?»

ወዲያው ደጃፍ ላይ ባጃጅ ጡሩምባ ነፋ፤ ያዘዝነውን ዓሣ ልትቀበል ወጣች። ስልኳን መደቡ ላይ ትታዋለች። መነጽሬን አድርጌ ባየው፣ ያው ጨዋታ «አስጋሪው» በሚል ስም ተከፍቷል፤ ለካስ አስጋሪው እሷ ኖራለች! የእኔን ስም ነካ ሳደርገው የጻፈችብኝ ወጣ፦ «ሽማግሌው ባዶ ሲሆን አምባሰል ያንጎራጉራል።»

ስልኩን እንደነበረ መልሼ ቁጭ አልኩ።

«ምነው ፈገግ አልክ?» አለችኝ ዓሣውን ይዛ ስትገባ።

«ዓሣው አምሮኝ ነው» አልኳት።

ነገ ጥሩ ካርታ እስኪደርሰኝ እጠብቃለሁ። ያኔ አምባሰልን ሰፈር እስኪሰማ ነው የምለቅላት። ብቻ እስከዚያ ሳቄን ያስችለኝ።