ስብሰባ ረግጦ የማይወጣው ሠዓሊ

ሰኞ፣ የካቲት 16
ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ

እማዬ፣ ናፍቆቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኛ ደህና ነን። ይኼኛው «ደህና ነን» በስልክ እንደምንልሽ አይደለም፣ የእውነት ነው። በስልክ ሳወራሽ አባዬ አጠገቤ ቆሞ በዓይኑ ስለሚቆነጥጠኝ የዋጥኩት ነገር ነበር። አሁን አልፏልና አትደንግጪ፦ የደም ግፊቱ ጣሪያ ነክቶ ከሚነዳው አውቶቡስ አውርደውት ነበር። ሐኪሙ «ቁጣ ይቀንሱ፣ የሚያረጋጋዎት ነገር ይፈልጉ። በሚቀጥለው ምርመራ ካልወረደ መሪ መያዝ አበቃ» አለው።

ቁጣ ቀንስ መባሉ ራሱ አስቆጣው። አውቶቡስ ሲያጣ ደግሞ ቤቱን መንዳት ጀመረ። በኮሪደሩ ሳልፍ «ፍሬቻ ሳታሳዪ አትታጠፊ!» ይለኛል። የሚቀልድ ይመስልሽ ይሆናል፤ የምሩን ነው። ማታ ማታ ደግሞ የአውቶቡሱን ቁልፍ ማንጠልጠያ በጣቱ ሲያዞር ያመሻል። ባዶ ማንጠልጠያ።

አንድ ቅዳሜ የሾፌሮች ማኅበር በኢንተርኔት ስብሰባ ጠራ። አባዬ ከላይ ኮትና ክራቫት፣ ከታች የፒጃማ ሱሪ ለብሶ፣ የእኔን ስልክ ከስኳር ዕቃው አስደግፎ ተሰየመ። «ላስገባህ?» ብለው «አውቶቡስ የሚነዳ ሰው ስልክ ያቅተዋል?» ብሎ ገላመጠኝ። በዚያው ሰዓት እኔ የተመዘገብኩበት፣ አእምሯቸውን ለማሳረፍ ሥዕል የሚስሉ ሰዎች ቡድንም ስብሰባ ነበረው። የትኛውን ጥሪ እንደነካ አንቺው ገምቺ።

አስተማሪዋ ብቅ አለች። «እንኳን ደህና መጡ! እርሳስና ወረቀት ይዘዋል?»

«ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ?» አለ አባዬ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«ወረቀቱን ሳያዩ፣ እርሳሱን ሳያነሡ፣ ፊት ለፊትዎ ያለውን ዕቃ ቀስ ብለው ይሳሉ።»

ወደኔ ዞሮ «አዲሷ ሊቀ መንበር ናት?» አለኝ በሹክሹክታ። የስልኩ ማይክ ክፍት ስለነበር ሁሉም ሰማ።

«አባዬ፣ ተሳስተሃል፣ ይኼ የሥዕል ቡድን ነው። ውጣ!»

«ስብሰባ ረግጬ ወጥቼ አላውቅም! ነውር ነው!»

ተቀመጠ፣ ሣለ። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ማንቆርቆሪያውን ሣለው። የወጣው ማንቆርቆሪያ ሳይሆን ጉንፋን የያዘው ዝሆን ነው። ትከሻው ግን ከጆሮው ሥር ወርዶ ቦታው ገባ። መጨረሻ ላይ አስተማሪዋ «ጥያቄ ያለው?» ስትል እጁን አወጣ። «የመለዋወጫ ዕቃ ጉዳይ መቼ ነው የሚነሣው?» በድንጋጤ ሳየው ዓይኑ ይስቃል። እማዬ፣ ቀልድ ነበር! ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያዋ ቀልዱ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቀርቶበት አያውቅም። ስብሰባው ሲያልቅ «ወራጅ አለ!» ብሎ ይሰናበታቸዋል፣ ቡድኑ በሙሉ በሳቅ ይፈርሳል። አክስቴ አንድ ቀን ደርሳ «አንተ ሰውዬ፣ ሽበት አውጥተህ እንደ ሕፃን እርሳስ ትልሳለህ?» ብትለው «ዝም በይና አገጭሽን ቀና አድርጊ» አላት። ሣላት፤ ከአገጮቿ አንዱንም ሳያስቀር። አሁን ስትመጣ እስከ አፍንጫዋ ሻርፕ ተጠቅልላ ነው።

ዓርብ ምርመራው ደረሰ። ነጭ ጋዋን ሲያይ ደሙ እንዴት እንደሚፈላ ታውቂያለሽ። እሱ ግን «ዶክተር፣ ከመለካትዎ በፊት አንዴ» ብሎ እርሳስ አወጣና የሐኪሙን ጆሮ መሳል ጀመረ። ሐኪሙም አንገቱን አቅንቶ ቁጭ! ማን ማንን እየመረመረ እንደሆነ ጠፋኝ። ከዚያ ክንዱን አሥሮ ለካ። ቁጥሩን አየ። እንደገና ለካ። በሌላኛው ክንድም ለካ። እኔ ጥፍሬን በልቼ ጨረስኩ።

«ወርዷል» አለ። «መሪዎን መያዝ ይችላሉ። እስኪ ጆሮዬን ያሳዩኝ።»

ሥዕሉን ሲያይ የራሱ ግፊት ሳይጨምር አልቀረም።

እልል በይ እማዬ! ዛሬ ጠዋት አውቶቡሱን ይዞ በደጃችን አለፈ። አንዲት ታክሲ ከፊቱ ጥልቅ ብትልበት እንኳ ጡሩምባ አልነፋም። አባዬ! ጡሩምባ ሳይነፋ! እጁን በመስኮት አውጥቶ እንደ ንጉሥ ሰላም አለኝ፣ እኔም የጥርስ ብሩሽ በአፌ እንደያዝኩ አጨበጨብኩለት።

ሥዕሎቹን አብሬ ልኬልሻለሁ። አብዛኞቹ አንድ ዕቃ ናቸው፤ በሩ ሥር የተውሽው ሰማያዊ ነጠላ ጫማሽ። ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ። «ሌላ ዕቃ ጠፋ?» ስለው «እሱ አይንቀሳቀስም፣ ለመሳል ይመቻል» ይላል። እንዴት ይንቀሳቀስ? አክስቴ ልታነሣው ብላ ከአባዬ የሰማችውን ቁጣ እኔ ነኝ የማውቀው። እኔም አቧራ እንዳይለብስ በየጠዋቱ እጠርገዋለሁ። ለሥዕሉ ብዬ ነው።

አምላክ በሰው አገር ጉልበትሽን ያበርታው፣ የአሠሪዎችሽን ልብ ያለዝብልሽ። እግርሽንም ባለበት ልክ ያቆይልሽ፣ ስትመለሺ ጫማው እንዲበቃሽ።

ልጅሽ፣
የቤቱ የኢንተርኔት ኃላፊ