ለቅልቄ የደፈንኋት ጥግ

ገዳሪፍ፥ ጥር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ፥ ለልጄ ለሄርመላ
ፖርት ሱዳን

ሄርሜ የኔ ዓለም፥ እንዴት ነሽ? ሆድሽ ገፋ አለ? እግሬ ያብጣል ያልሽውስ ቀለለልሽ? የባሕሩ ወበቅ ከነሆድሽ እንዳያደክምሽ ውኃ ጠጪ፥ ጨው ቀንሺ። ባልሽን ዘመኑን ሰላም በይልኝ። እኔ በጤናው በኩል ምንም አልጎደለብኝ። ጉልበቴ ብቻ ጠዋት ጠዋት ታስቸግረኛለች፥ ፀሐይ ሲያገኛት ትለቀኛለች።

እናቴን ምን ነካት፥ ስልክ እያለ ወረቀት ትጽፋለች ትያለሽ። ስልኩማ አለ። ችግሩ በስልክ መዋሸት ቀለለኝ። «አደይ ትዕበን አገናኚኝ» ባልሽኝ ቁጥር፥ አንድ ቀን ገበያ ሄዳለች፥ አንድ ቀን ተኝታለች፥ ባለፈው ደግሞ ኔትወርኩ ተቆራረጠ ብዬ ራሴ ዘጋሁብሽ። ኔትወርኩ ደህና ነበር። ትዕበ አብረን ከኖርንበት ከዚህ ቤት ከወጣች ሦስት ሳምንት ሊሞላት ነው። ካምፕ ተመልሳለች። ያስወጣኋት እኔ ነኝ።

ይህችን አንድ መስመር ጽፌ፥ ተነስቼ ሁለት ቀሚስ አጥቤ መጣሁ። እንግዲህ ከሥሩ ልንገርሽ።

የያዝነውን ሥራ ታውቂያለሽ። ሉጥፊ፥ ያ የመተማው ነጋዴ፥ ሰሊጡን በጆንያ ያመጣልናል። ትዕበ ታጥባለች፥ እኔ ሸራ ላይ አሰጣለሁ፥ ሲደርቅ ሁለታችን ሁለት ሁለት ጊዜ እንነፋዋለን። እሱ ደግሞ ከሰሊጥ ጣፋጭ ለሚሠሩት ይወስድላቸዋል። «የነአንጓች ሰሊጥ» ከተባለ ሰው ጆንያውን ሳይፈትሽ ይረከብ ነበር። ስማችን እሱ ነበር።

የሆሹን፥ የግቢያችንን ድመቶችስ መቼም አልረሳሻቸውም። ከካርቱም ሰው ሸሽቶ ሲመጣ ድመቱም አብሮ የተሰደደ ይመስል፥ ግቢው ድመት በድመት ሆኗል። ያላደረግሁት የለም። የብርቱካን ልጣጭ በተንሁ፥ በናፍጣ የተነከረ ጨርቅ በየግድግዳው ሥር አኖርሁ፥ አጥሩ ላይ እሾህ ደረደርሁ። በርበሬ የነሰነስሁ ቀን ነፋሱ ዞረና እኔኑ ሲያስነጥሰኝ ዋለ፥ ድመቶቹ ጣሪያው ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። የቤቱ ባለቤት አማል እየሳቀች፥ ድመት በእነሱ ሃይማኖት ነጃሳ፥ ርኩስ አይደለችም፥ ተያት፥ መርዝ ብታስቀምጪ ግን ቤቴን ትለቂልኛለሽ አለችኝ።

ትዕበ ግን ፍርፋሪ ታበላቸዋለች፥ ሌላ ዘዴም ነበራት። ከሽንት ቤቱ ጀርባ፥ ኒም ዛፏ ሥር ያለችውን ጥግ ቆፍራ አለስልሳ፥ አሸዋና አመድ ደባልቃ ተወችላቸው። ጠዋት ጠዋት በተቆረጠ ጀሪካን እየዛቀች ከግቢው ውጭ ትቀብረዋለች፥ አፈሩን ታገላብጠዋለች። ድመት ብታባርሪያት ተመልሳ ትመጣለች፥ ቦታዋን ካሳየሻት ግን ሌላ ቦታ አትነካም ትለኝ ነበር። እኔ ግን ያቺን ጥግ ባየሁ ቁጥር ያንገሸግሸኝ ነበር። «እኛ ለሽንት ቤት ወረፋ እንይዛለን፥ አንቺ ለድመት የብቻ ሠራሽላት» እያልሁ እቀልድባታለሁ። ትስቃለች፥ ሥራዋን አትተውም።

ገና ሊደርስ ሲል ትዕበ ወረቀቷን ልታሳድስ ሾዋክ ሄደች፥ ስደተኛ ቢሮ። ዛሬ ነገ እያሉ አምስት ቀን አቆዩአት። እኔም አገር ቤት እንደለመድነው ለበዓል ሆሹን በእበት ልለቅልቅ ብዬ ተነሳሁ። ከከብት ገበያው እበት አስመጣሁ፥ ከጥቁሩ አፈር ጋር አቦካሁ፥ መሬቱን አሳመርሁት። ያቺ ጥግ ስትቀረኝ፥ መጀመሪያ በእግሬ ረግጬ ጠቀጠቅኋት፥ ከዚያ ለቅልቄ እንደ ምጣድ አለሰለስኋት። ድመት የሚኮሳበት ቦታ ካጣ ግቢውን ለቆ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ደስ ብሎኝ አማልን ጠርቼ አሳየኋት።

ያን ሰሞን ሰሊጡ ሸራ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ድመት እንዳይወጣበት መረብ ማልበስ ነበረብኝ። አንዳንድ ቀን እረሳለሁ፥ አንዳንድ ቀን ደግሞ አሁን እመለሳለሁ ብዬ አማል ዘንድ ገብቼ ወሬ ይይዘኛል። በዓሉ ሲደርስብኝም የመጨረሻዎቹን ሁለት ጆንያዎች ሳልነፋቸው ሰፋሁና አስጫንሁ። እንዳልነፋኋቸው አውቅ ነበር፥ ልጄ። ይህን ያዥልኝ።

ትዕበ የገና ዋዜማ መጣች። ያቺን ጥግ አየችና ዕቃዋን ሳታስቀምጥ፥ ድመቶቹ እንግዲህ የት ይሂዱ አለችኝ። ወደየጌቶቻቸው ቤት ይሂዱ አልኋት። ከንፈሯን መጠጠችና ገባች።

ከበዓሉ በኋላ፥ በሳምንቱ፥ ሉጥፊ መጣ። ሰላምታም አልሰጠኝ። ከኪሱ የተጠቀለለ ጋዜጣ አውጥቶ ፊቴ ዘረጋው።

«እታለም፥ ይህ ምንድን ነው? ቴምር ነው?»

የድመት ኩስ ነበር፥ ሰሊጥ የተለጠፈበት። ጣፋጭ ሠሪው ከጆንያው ውስጥ አግኝቶ፥ ሰው በተሰበሰበበት አሳይቶ፥ ያን ጭነት በሙሉ መልሶበታል። አማል ደጃፏ ላይ ቆማ ታያለች። ሉጥፊ፥ ይህ የማን እጅ ሥራ ነው አለኝ።

«ትዕበ ናት» አልሁት። «ድመቶቹን የምታበላቸው፥ የምታለምዳቸው እሷ ናት።»

አፌ ራሱ ነው የተናገረው ብልሽ ይቀለኝ ነበር። ግን አስቤ ነው። ሉጥፊ እንደሚያምነኝ አውቅ ነበር። ለምን እንደሚያምነኝም አውቅ ነበር። እኔ እዚህ አሥራ ስምንት ዓመት የቆየሁ፥ ከእሱም ጋር የአንድ አገር ልጅ። እሷ በትግራዩ ጦርነት ወንዙን ተሻግራ የመጣች። የቀረውን አንቺው ሙይው፥ እኔ ልጽፈው አልችልም።

ትዕበ ሳፋ ይዛ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። ሁሉንም ሰምታለች። ሉጥፊ ወደ እሷ ዞሮ እውነት ነው ወይ አላት። መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ሄርሜ፥ ረጅም ጊዜ ነው ያየችኝ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አሥር ቃል መናገር እችል ነበር።

«ድመቶቹን የማበላው እኔ ነኝ» አለችው። «እሱ እውነት ነው።»

ያን ሳምንት ሾዋክ እንደነበረች እንኳ አልነገረችውም። ሉጥፊ ራሱን ነቀነቀ። የካምፕ ሰው ሥራ አይሆንለትም ሲሉኝ እሟገት ነበር አለና፥ ከእንግዲህ እሷ ሰሊጤን እንዳትነካብኝ ብሎኝ ሄደ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ያሳመንሁት እኔ ነኝ።

ሁለት ቀን በአንድ ክፍል ውስጥ ለየብቻ ቡና አፍልተን ጠጣን። በሦስተኛው ጠዋት ዕቃዋን ጠቀለለች። እንዳትሄድ ክንዷን ያዝሁት፥ ለሉጥፊ ሌላ ጊዜ አስረዳዋለሁ አልኋት። እጄን ቀስ አድርጋ አነሳችው።

«አንጓች፥ ድመት የራሷን ትቀብራለች። አንቺ እኔ ላይ ጣልሽው።»

ይህን ብላ ሪክሻ ላይ ወጣች። ለልጅሽ የጀመረችውን የክር ኮፍያ በእጇ ይዛው ነበር። ጥላው ብትሄድ ይሻለኝ ነበር፥ ተቆጣች እል ነበር።

በማግስቱ ሰሊጥ አስጥቼ ደጃፍ ተቀመጥሁ። ቀይዋ ድመት መጣች። ወደዚያች ጥግ ሄደች፥ በጥፍሯ ጫረች፥ መሬቱ እምቢ አላት። ዞረች፥ እንደገና ጫረች። ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ሸራው መጥታ ሰሊጡን መቆፈር ጀመረች። እኔ እዚያው ሆኜ እያየሁ። በዚህ ሁሉ ሆሽ ውስጥ ለስላሳ ነገር ያ ሰሊጥ ብቻ ነበር የቀረው፥ እንዲያ ያደረግሁትም እኔው ነኝ። ዶማ አንስቼ ልቅልቁን ሰባበርሁት። አፈሩን አለሰለስሁ፥ አሸዋና አመድ ጨመርሁ። አሁን ጠዋት ጠዋት በዚያው በተቆረጠ ጀሪካን የምዝቀው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሸራው ላይ አንዲት ድመት አልወጣችም።

የባሰውን ስሚ። ባለፈው ሐሙስ ሉጥፊ መጥቶ ሰሊጡን በመዳፉ ዘግኖ፥ ወደ ብርሃን አውጥቶ አየው። «አላየሽም እታለም፥ ያቺ ሴትዮ ከሄደች ወዲህ እንዴት እንደ ጸዳ» አለኝ። የእሷን ሥራ እየሠራሁ፥ በእሷ ዘዴ፥ ምስጋናው ለእኔ መጣ። ያን ጊዜም አልተናገርሁም። ሻይ ላፍላልህ አልሁት።

ቅዳሜ ስኳርና ቡና ገዝቼ፥ ይቅርታ ልጠይቃት በአውቶቡስ ተሳፈርሁ። ሾዋክ ድረስ ደረስሁ። ወደ ካምፑ የሚሄደው መኪና «አንድ ሰው፥ አንድ ሰው» እያለ ይጣራል። አንዷ ሰው እኔ ነበርሁ። ምን ብዬ ልግባ? ለሉጥፊ ሳልነግር ለእሷ ብቻ ጓዳ ገብቼ ባለቅስላት፥ ስሟ ከተማው ውስጥ እንደጠፋ ነው። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ቆየሁና፥ በመጣሁበት አውቶቡስ ተመለስሁ። ስኳሩም ቡናውም ይኸው ፊቴ ተቀምጧል።

አንቺ ወባ የጣለሽ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ከአልጋሽ ሥር ያልተነሳችው እሷ እንደነበረች፥ እኔ ሥራ ውዬ ስመጣ «ሂጂ ተኚ፥ ይህቺ የእኔም ናት» ትለኝ እንደነበር ረስቼ አይደለም። አሁንም ለአራስነትሽ ሁለታችሁም ኑልኝ ብለሻል። አልጋ አዘጋጅቻለሁ፥ ሁለት ፍራሽ ገዝቻለሁ ስትይኝ በስልክ እሺ እሺ አልሁሽ። እሺ የማለት መብት አልነበረኝም።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ሉጥፊ ነው። ነገ ጭነት ይዞ ወደ እናንተ ይወርዳል። አማርኛ ያነባል፥ መተማ ነው የተማረው። በአፌ ልነግረው ስንት ቀን ሱቁ ደጃፍ ደርሼ፥ የሰሊጥ ዋጋ ጠይቄ ተመለስሁ። ስለዚህ ፖስታውን ሳላሽገው እሰጠዋለሁ። መጀመሪያ አንተ አንብበው እለዋለሁ። እሱ ሲያነብ እዚያው ሱቁ ውስጥ፥ ሰውም ቢኖር ሰው እያየኝ፥ ቆሜ እጠብቃለሁ። ከዚያ ወደ ካምፑ እሄዳለሁ። ትምጣ አትምጣ የእሷ ፈንታ ነው። አልመጣም ብትለኝ ትክክል ናት። ብቻዬን ደጃፍሽ ላይ ካየሽኝ ግን ምክንያቱን እንዳትጠይቂኝ፥ አሁን አውቀሽዋል።

ለእሷ እንዳትደውዪ፥ በሞቴ። ከእኔ በፊት አንቺ ይቅርታ እንዳትጠይቂልኝ።

ማርያም በሰላም ታገላግልሽ። የምትወልጂው ልጅ ጥፋቱን በጊዜ የሚናገር ይሁን፥ እንደ አያቱ አይሁን። እግዚአብሔር ቤታችሁን በሰላም ይሙላው፥ ደስታችሁን ያብዛው።

ይህ ደብዳቤ እጅሽ ከገባ፥ ልጄ፥ ቆሜያለሁ ማለት ነው።

እናትሽ
አንጓች